የቤት ሥራ ተከፋፍለውም ጭቅጭቁ የማይቆመው ለምንድን ነው?

ብሩክ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለቱም ውጭ ውለው የሚገቡ ባልና ሚስት የቤቱን ሥራ ይከፋፈላሉ። እሷ ታበስላለች፣ እሱ ዕቃ ያጥባል፣ ልጅ ማጠብ ተራ በተራ ይሆናል። ወር ሳይሞላ ሁሉም ተመልሶ እሷ ላይ ይወድቃል። እሱ «ንገሪኝና ልሥራ» ይላል፤ እሷ «እስክነግርህ ለምን ትጠብቃለህ?» ትላለች። የሚበላሸው ምኑ ላይ ነው? በተግባር የሚሠራ መንገድ የምታውቁ አካፍሉን።

ሰብለ፦
የሚከፋፈሉት የእጁን ሥራ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሐሳቡ አንድ ሰው ላይ ይቀራል። አሊሰን ዳሚንገር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ጥናት ይህን የሐሳብ ሥራ በ4 ከፍላዋለች፦ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ማየት፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰን፣ መፈጸሙን መከታተል። ሲወሰን ሁለቱም አሉበት። አስቀድሞ ማየቱና መከታተሉ ግን በአብዛኛው የሴቷ ነው።

የልጅ ክትባትን እንውሰድ። ቀኑን ማስታወስ፣ ከሥራ ማን እንደሚቀር መነጋገር፣ ካርዱን መያዝ፣ ማታ ቢያተኩሰው መከታተል፣ ቀጣዩን ቀጠሮ መመዝገብ አለ። አባት ልጁን ይዞ ስለሄደ ብቻ ሥራው ተካፈለ አይባልም። ክትባቱ የእሱ ከሆነ ከነሐሳቡ የእሱ ይሁን።

አጀማመሩ እንዲህ ነው፦ ለ1 ሳምንት ሁለቱም የሠሩትን ሁሉ ከነደቂቃው ይጻፉ፣ ከጎኑ «ማን አስታወሰው?» የሚል ዓምድ ይኑር። ከዚያ ለነገ የማይባሉትን (ምግብ፣ ልጅ ማስተኛት) ሊቆዩ ከሚችሉት (ጥገና፣ ክፍያ) ይለዩ። ሰዓቱ እኩል ቢወጣም ለነገ የማይባሉት ሁሉ አንድ ሰው ላይ ካረፉ ክፍፍሉ አልተስተካከለም።

አቤል፦
ሌላው ችግር መለኪያው ነው። «ወጥ ቤቱ ይጽዳ» ሲባል ለአንዱ ሰሃን ማጠብ ነው፤ ለሌላው ምድጃ መወልወልና ቆሻሻ ማውጣትም አለበት። ሳይስማሙ ከጀመሩ እሱ የጨረሰውን እሷ ደግማ ትሠራዋለች። ይህ ሲደጋገም እሱም እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ስለዚህ ዝቅተኛውን መለኪያ አብረው ይወስኑ። ያስረከበ ሰው ቢያንስ 3 ሳምንት አይንካው፣ አይተች። የመድኃኒት መጠን፣ እሳት፣ ውሃ አጠገብ ያለ ልጅ ከሆነ ግን ወዲያው ይናገር። ተረካቢውም «ጨው የት ነው?» እያለ አይጥራ፤ ከፍቶ ይፈልግ። ሥራው እንዲወሰድለት ሆን ብሎ የሚያበላሽም አለ። ይህ የትዳር ጓደኛን መናቅ ነው።

ማርታ፦
ባል በቀን 12 ሰዓት፣ ሚስት 8 ሰዓት ውጭ ቢሠሩስ?

ሰብለ፦
ማርታዬ፣ የውጭውንም ሥራ ከነመንገዱ ደምሩት። መነጻጸር ያለበት ማንም ሳይጠራቸው የሚያርፉበት ሰዓት ነው። 12 ሰዓት የሚሠራው ቤት ውስጥ ያነሰ ቢሠራ ፍትሐዊ ነው፤ ድካሙ ይታይለት፣ የሚጠግነውና የሚሸከመውም ይጻፍለት። ደመወዝ ግን መለኪያ አይሁን፤ የበለጠ ያመጣ ሁሉ ከቤት ሥራ ነጻ ነኝ ካለ መከባበር አይኖርም። ወንድንም በኪሱ ብቻ መመዘን ያው በደል ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሪፖርት እንደሚለው ክፍያ በሌለው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ላይ ሴቶች በአማካይ በቀን 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ፣ ወንዶች 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ያሳልፋሉ። ክፍተቱ ይህን ያህል ስለሆነ በግምት አትሥሩ፣ ጻፉት።

አቤል፦
አንድ ልጨምር። በሳምንት 15 ደቂቃ ለዚህ ብቻ ይቀመጡ፤ በንዴት ሰዓት ወይም እንግዳ ፊት አይሁን። ልጅ ሲወለድ፣ ሥራ ሲቀየር ወይም ሰው ሲታመም ዝርዝሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይሠራል።