የትውልድ ሐረጋችንን የመዘገብሁበት ፕሮግራም ተቋርጧል፤ መዝገቡን እንዴት ላድነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴንና የእናቴን ወገን እስከ ሰባት ቤት የመዘገብሁት ፐርሰናል አንሴስትራል ፋይል በተባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። ያዘጋጀችው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ. ማሰራጨቷንና ድጋፍ መስጠቷን ብታቆምም፣ በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ ደኅና ስለሚሠራልኝ ሌላ አልፈለግሁም ነበር። አሁን ላፕቶፑ በሥራ መካከል እየጠፋ አስቸግሮኛል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ከየስሙ ሥር ያለው ማስታወሻ ነው፤ ነፍሷን ይማርና አያቴ ቡና እያፈላች ማን ማንን እንደ ወለደ፣ ማን ከየት መጥቶ የት እንደ ሰፈረ ስትቆጥርልኝ በአማርኛ የጻፍሁት ነውና። ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲዛወር ይተርፋል?

መልስ 1
ይተርፋል፤ ነገር ግን ላፕቶፑ ሳለ ዛሬውኑ ይጀምሩ። አስቀድመው ዋናውን ፋይል በፍላሽና በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይገልብጡት። ከዚያም መዝገቡን በጌድኮም መልክ ያውጡት፤ ይህ የትውልድ መረጃ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚሻገርበት፣ ይህችው ቤተ ክርስቲያን በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የፋይል ዓይነት ሲሆን፣ ዛሬም አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ያነቡታል። ሲያወጡ የፊደል ምርጫ ይቀርብልዎታል። አንሴል የተባለው የግዕዝን ፊደል ስለማይዝ ዩቲኤፍ-8ን ይምረጡ፣ የወጣውንም ፋይል በኖትፓድ ከፍተው የአያትዎን ስም ይፈልጉ። በስማቸው ፈንታ የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ እንደገና ያውጡት። ፎቶግራፎች ካሉዎት ለብቻቸው ይገልብጧቸው፤ ብዙ ጊዜ ጌድኮም የሚይዘው ፎቶው ያለበትን ቦታ እንጂ ፎቶውን አይደለም።

መልስ 2
በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠርን ነገር ልጨምር፤ እኔን ብዙ ሌሊት ያስለፋኝ እርሱ ነው። በሰፊው የሚሠራበት ጌድኮም 5.5.1 የጎርጎርዮስን፣ የዩልዮስን፣ የዕብራውያንንና የፈረንሳይ አብዮትን አቆጣጠር ሲያውቅ የእኛን አያውቅም። ስለዚህ በ1935 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ዓመቱ እንዳለ ከገባ፣ አዲሱ ፕሮግራም በፈረንጆቹ 1935 አድርጎ ስለሚወስደው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። እኔ በቀን ቦታው ላይ ጥር 29 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. ብዬ አስገባሁ፤ ቤተሰቡ የሚለውን፣ ማለትም «ጥር 21 ቀን 1935፣ በአስተርዮ ማርያም»፣ በማስታወሻው ላይ እንደ ነበረ ተውሁት። በዓሉ ከቀኑ ይልቅ በሰው ልብ ይቀመጣልና እንዳይሰርዙት አደራ። የአባት ስምም በቤተሰብ ስም ቦታ ገብቶ ከሆነ፣ በየትውልዱ የሚለዋወጥ መሆኑን አስበው ያስተካክሉ።

መልስ 3
ለማዛወሪያ ግራምፕስ የተባለውን የትውልድ ሐረግ ፕሮግራም እመክራለሁ፤ ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ስለሆነ አንድ ድርጅት ቢተወው ሌሎች ሊይዙት ይችላሉ። ፋሚሊ ትሪ ሜከር የተባለው ሌላ የትውልድ ሐረግ ፕሮግራም በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. ሽያጩ እንደሚቆም ሲነገር ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር፤ በየካቲት 2016 ሶፍትዌር ማክኪቭ የተባለ ኩባንያ ገዝቶ አስቀጠለው። እንዲህ ያለ ዕድል ግን ለሁሉም አይገጥምም፤ የእርስዎም ፕሮግራም አላገኘውም።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ሙከራዬ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነብኝ፤ በዩቲኤፍ-8 ሳወጣው ግን አያቴ የነገረችኝ ሁሉ በፊደላችን ወጣ። ግራምፕስም ተቀብሎታል። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያያያዝሁ ነው፤ ቀኖቹን ከነገ ጀምሮ አርማለሁ።