ለሰሜን ተራሮች የሌሊት ፎቶ የሚሆን ትራይፖድና ሶፍትዌር

ጀማሪው፦
ፎቶ የማነሳው ሥራዬ ሆኖ ሳይሆን ስለምወደው ነው። በጥቅምት ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስለምሄድ፣ በፓርኩ ውስጥ ጨነቅ በተባለው የካምፕ ቦታ አድሬ የሌሊቱን ሰማይ ማንሳት እፈልጋለሁ። ካሜራዬ አነስተኛ ሴንሰር ያለው ካነን፣ ሌንሱም ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም አለው። ላይትሩም የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር በየጊዜው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ስለሆነ አልተመቸኝም። ምን ዓይነት ትራይፖድ (ባለሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) እና የትኛውን ሶፍትዌር ትመክሩኛላችሁ?

የጎንደር ልጅ፦
ገንዘቡን ለትራይፖዱ ያውሉት፤ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝና ገደሉ አፍ ላይ ነፋሱ ስለሚበረታ፣ ለስልክ የተሠሩት ቀጫጭን መቆሚያዎች እዚያ አያገለግሉም። የካርቦን ፋይበሩ ለመሸከም ይቀላል፤ ዋጋው ግን ስለሚወደድ ጠንከር ያለ አልሙኒየም ይበቃዎታል። ከመክፈልዎ በፊት እግሮቹን እስከ መጨረሻው ዘርግተው፣ ከላይ በመዳፍዎ ጫን፣ ወደ ጎንም ጠምዘዝ ያድርጉት፤ ካረገረገ ወይም መቆለፊያው ከተንሸራተተ ይተዉት። መሃለኛው ዘንግ ከፍ ባለ ቁጥር ካሜራው ስለሚንቀጠቀጥ፣ ቁመቱን ከእግሮቹ ብቻ ያግኙ። ከዘንጉ ሥር መንጠቆ ካለው ቦርሳዎን ያንጠልጥሉበት፤ ቦርሳው ግን መሬት ካልነካ በነፋስ እየተወዛወዘ ጭራሽ ካሜራውን ያናውጠዋል።

ሌንስ ጠራጊ፦
በትራይፖዱ እስማማለሁ፤ ሶፍትዌሩ ግን እንዲህ በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራሉ። እኔ ዳርክቴብልን የምመርጠው ፎቶ ከማስተካከል ባሻገር ለይቶ ለማስቀመጥም ስለሚያስችል ነው፤ በቁልፎቹ ብዛት መጀመሪያ ላይ ግራ ማጋባቱ ግን አይቀርም። ካሜራው ፎቶውን ራው በተባለው፣ ሴንሰሩ የያዘውን መረጃ እንዳለ በሚይዘው የፋይል ዓይነት እንዲያስቀምጥ ያድርጉ፤ ተጨምቆ የሚቀመጠው ጄፔግ ከሆነ ጨለማውን ለማፍካት ሲሞከር ምስሉ ቶሎ ይበላሻል። ዳርክቴብል ዋናውን ፋይል ስለማይነካ፣ ያደረጉት ማስተካከያ በአጠገቡ በሚፈጠር ኤክስኤምፒ በተባለ ትንሽ ፋይል ይቀመጣል፤ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ሲገለብጡ እሱን ካልወሰዱ ልፋትዎ ወደ ኋላ ይቀራል።

ጀማሪው፦
አመሰግናለሁ። ለከዋክብቱ ካሜራው ስንት ሰከንድ ብርሃን ይቀበል?

የጎንደር ልጅ፦
የካነንዎ ሴንሰር አነስተኛ ስለሆነ፣ ሌንሱ የቆመበትን ሚሊ ሜትር በ1.6 አባዝተው፣ 500ን ለውጤቱ ያካፍሉ። በ18 ሚሊ ሜትር 17 ሰከንድ ገደማ ይመጣል፤ ከዚያ ካለፈ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ መሥመር ይሠራሉ። እኔ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) 3200 አድርጌ በ15 ሰከንድ እጀምራለሁ። የሌንሱን የመንቀጥቀጥ መከላከያ ያጥፉት፤ በጣት ተጭኖ ከማንሳት ይልቅም የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን ይጠቀሙ። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ከወዲሁ ይምረጡ።