ሊኖ ሕትመት የምታውቁ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በአጭር የቅዳሜ ኮርስ ንድፍና ቅብ ተምሬ፣ አሁን ሊኖሊየም (ለስላሳ የወለል ንጣፍ ዓይነት) ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ማተም ልቤን ወስዶታል። ችግሬ፦ ውሃ ወለዱ ቀለም፣ በተለይ በዚህ በበጋ ደረቅ አየር፣ በሮለር ቀብቼ ወረቀቱን ሳላሳርፍ ይደርቅብኛል። ማተሚያ ስለሌለኝ የወረቀቱን ጀርባ በማንኪያ ነው የማሸው፤ ጠርዙ ደምቆ ይወጣል፣ መሐሉ ግን ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል። ወረቀቱን ትንሽ ላርጥበው ወይስ ቀስ ብሎ ወደሚደርቀው የዘይት ቀለም ልሻገር? ሱቅ የማገኘው ለሸራ ሥዕል የሚሆነውን የዘይት ቀለም ብቻ ነው፤ ለሕትመት የሚሆነው ወፍራሙ የት ይሸጣል?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው «አለ» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ገብቼ መደበኛ ዲግሪ እንዳልማር ሥራዬ አይፈቅድልኝም። ለአዋቂዎች ሕትመት በማታ ወይም በቅዳሜ የሚያስተምር ካወቃችሁም ጠቁሙኝ፤ በጣም ነው የምፈልገው።