ከአሜሪካ የመጣ የኤሌክትሪክ ቀለም መርጫ፦ ቤት ውስጥ እንዴት ልጠቀምበት?

ሰላም ከጀሞ

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ከሜሪላንድ ሲመጣ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ቀለም መርጫ ይዞልኝ መጣ። ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ላድስ አስቤ ስለነበር በጣም ደስ ብሎኛል። የምቀባው የብረት መስኮቶቹን፣ የመግቢያውን የብረት በር እና የልጄን የእንጨት አልጋ ነው። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ።

ቀለም ቤት ሄጄ የዘይት ቀለም ገዛሁ። ሻጩ «ለስፕሬይ ከሆነ ቲነር በደንብ ጨምሪበት፣ እንደ ውሃ ካልቀጠነ አይወጣልሽም» አለኝ። ቲነርም አብሬ ገዛሁ። ችግሩ ዝናቡ ነው። አላባራ ስላለ መስኮት ከፍቼ መሥራት አልቻልኩም። ጎረቤቶቼም በቀለሙ ሽታ እንዳይማረሩ ብዬ በሩን ዘግቼ ለመሥራት ነው ያሰብኩት።

ልጄ አስም አለበት፣ እሱ ያሳስበኛል። ከኮሮና ጊዜ የተረፉ ማስኮች አሉኝ፤ እነሱ ይበቁኛል? ማሽኑ ላይ ደግሞ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ተጽፏል። የሶኬት መቀየሪያዋን ገዝቻለሁ። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ጋሽ ቀለም

እህቴ፣ ቲነሩን ሳትጨምሪ መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ። ሥራዬ ቀለም ቅብ ነው። በኮምፕሬሰርም፣ በዚህ በእጅ በሚያዘውም እሠራለሁ። በግልጽ ልንገርሽ፦ የተዘጋ ክፍል፣ ቲነር እና የኤሌክትሪክ ማሽን አንድ ላይ አይሆኑም። አትጀምሪው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። እንዲህ ያለ ማሽን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አየር የሚነፋ ሞተር አለ። ሞተሩ ሲዞር ለሚዞረው ክፍል መብራት የሚያቀብሉት ካርቦኖች ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ይሄ የማሽኑ ብልሽት አይደለም፣ አዲሱም ያደርገዋል። አየር የሚስበው ደግሞ እዚያው ከምትረጪበት ክፍል ነው። ቲነር ውስጥ ብዙ ጊዜ ቶሉይንና አሴቶን የመሳሰሉ ነገሮች አሉ። የቶሉይን ተን በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። አሴቶን ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ። ስለዚህ «ክረምት ነው፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው» ማለት አያድንም። ደግሞ በብሩሽ ሲቀባ ቲነሩ ቀስ እያለ ነው የሚተነው። ሲረጭ ግን ወዲያው አየሩን ይሞላዋል።

ከማሽኑ ጋር የመጣውን የመመሪያ ደብተር አውጪና «ፍላሽ ፖይንት» የሚለውን ፈልጊ፤ የፈሳሹ ተን እሳት ካገኘ መቀጣጠል የሚጀምርበት ሙቀት ማለት ነው። ቁጥሩ እንደ ማሽኑ ይለያያል። ከ21 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆነ ነገር አታስገቡ የሚሉ አሉ፣ ከ38 በታች የሚሉም አሉ። በፋራናይት ከተጻፈ 70 እና 100 ማለት ነው። ተራ ቲነር ሁለቱንም አያልፍም። የገዛሽው የዘይት ቀለም ቆርቆሮ ላይ በምን እንደሚቀጥን ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ አኳራጅ ወይም ኋይት ስፒሪት ነው። እሱ ከቲነር ይሻላል፣ ግን ለተዘጋ ቤት እሱም አይሆንም። መጠኑንም ቆርቆሮው ከሚለው አታሳልፊ። «እንደ ውሃ» የተባለው ልክ አይደለም። በጣም የቀጠነ ቀለም ብረት ላይ ይወርዳል፣ አይሸፍንም፣ ጭጋጉም ይበዛል።

ቀለም በቤንዚን የሚያቀጥኑ ሠራተኞችም አሉ። ርካሽ ነው ብለው ነው። እኔ እንዲህ ያለ ሠራተኛ በሚረጭበት ቤት ውስጥ ለአንድ ደቂቃ አልቆይም። አንቺም እንዳትቆዪ።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር፣ የቲነር ተን ከአየር ይከብዳል። ወለል ለወለል ይሄዳል፣ በበሩ ሥር ሾልኮ ኩሽና ይገባል። እዚያ ቡታጋዝ ይኖራል፣ ምጣድ ይኖራል። ፍሪጁም በራሱ ሲነሳና ሲጠፋ ብልጭታ አለው። ለሠራተኛ ቡና ማፍላት የአገራችን ወግ ነው፣ ግን በቀለም ቀን የከሰል ምድጃም ዕጣንም እዚያ ቤት አይግባ። ቡናው ጎረቤት ይፈላ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። መስኮቶቹን በብሩሽ እቀባለሁ። የመስኮት ብረት ቀጭን ነው፤ ብትረጪው አብዛኛው ቀለም አልፎት ይሄዳል፣ መስታወቱን በጋዜጣና በወረቀት ፕላስተር ስትሸፍኚ ደግሞ ቀኑ ያልቃል። በብሩሽ ስትቀቢም ዝናብ ጋብ ሲል መስኮት ከፍተሽ፣ ክፍል በክፍል። በሩና አልጋው ግን ለማሽኑ ይመቻሉ። አልጋውን ፈታተሽ፣ በሩን ከማጠፊያው አውጥተሽ ግቢ አውርጂያቸው። ከላይ ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ቦታ ካለ በጣም ጥሩ። ደረጃው ላይ ግን አይሆንም። ደረጃው የሁሉም ሰው መውጫ ነው፣ አየርም አይዘዋወርበትም። መኪና የቆመበትን አቅጣጫ እዪ፤ ነፋስ ጭጋጉን ወስዶ የሰው መኪና ላይ ያሳርፈዋል።

አልጋው የልጅ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በውሃ የሚቀጥን የእንጨት ቀለም ካገኘሽ እሱን ግዢ። የእሳቱ ነገር በጣም ይቀንሳል፣ ሽታውም ቶሎ ይለቃል። አልጋው ላይ የቆየ ቀለም ካለ በደረቁ አትፈግፍጊው። የድሮ የዘይት ቀለሞች እርሳስ ሊኖራቸው ይችላል፣ አቧራው ለሕፃን አእምሮ መርዝ ነው። አገራችን በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳይበልጥ የገደበችው በደንብ ቁጥር 429/2010 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ከሆነ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እያስነካሽ ፈግፍጊ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ ጨርቁን ጣዪ።

የኮሮናው ማስክ ለቲነር ምንም አያደርግም። ተኑ እንዳለ ያልፋል። የሚያስፈልግሽ ግማሽ ፊት የሚሸፍን፣ በሁለት ጎኑ ካርትሪጅ፣ ማለትም ተን የሚይዝ ተቀያያሪ ማጣሪያ፣ ያለው ማስክ ነው። ካርትሪጁ ለኦርጋኒክ ተን የተሠራ መሆን አለበት። በአሜሪካ ጥቁር፣ በአውሮፓ ቡናማ ምልክት አለው። ከፊቱ ደግሞ ጭጋጉን የሚይዝ ማጣሪያ ይኑረው። ፊት ላይ በደንብ ካልገጠመ ዋጋ የለውም፣ ጺም ያለው ሰው ላይ አይገጥምም። ለብሰሽው ሽታው ከመጣ ካርትሪጁ አልቋል ወይም አልገጠመም። ራስሽን ካዞረሽ ወይም ካቅለሸለሸሽ ሥራውን ጥለሽ ንጹሕ አየር ወዳለበት ውጪ፣ «ይቺን ልጨርስና» አትበዪ። መነጽርና ጓንትም አትርሺ።

ሻጭ «ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለው ፖሊዩሬታን ቀለም ይሻልሻል» ቢልሽ በማሽን ለመርጨት እንዳትወስጂ። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ነገር ጤነኛውን ሰው አስም ያስይዛል። አስም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ከቶ አይታሰብም። ልጅሽም ቀለሙ ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ አያቱ ጋ ይቆይ። የአንድ ሌሊት ነገር አይደለም።

መስመር ዘርጊው

ጋሽ ቀለም ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ መብራቱ ልጨምር።

የሶኬት መቀየሪያዋ ቅርጹን እንጂ ቮልቴጁን አትቀይርም። የኛ መስመር 220 ቮልት ነው። ባለ 120 ቮልት ማሽን በቀጥታ ብትሰኪው ሞተሩ ከልኩ በላይ ይዞርና ይቃጠላል፤ ያውም ቀለም ጉያ ውስጥ። ስለዚህ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሻል። ማሽኑ ላይ ዋቱን አንብቢ። አምፔር ብቻ ከተጻፈ በ120 አባዢው፤ 5 አምፔር ካለ 600 ዋት ነው። ለ600 ዋት ማሽን ያለማቋረጥ 1000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ግዢ። ለፀጉር ማድረቂያ ተብሎ የሚሸጠው ትንሹ ኮንቨርተር ለሞተር አይሆንም።

ስለ ኸርዙ፦ ካርቦን ያለው ሞተር ከሆነ የኛ 50 ኸርዝ አያስቸግረውም። እየተንዘረዘረ የሚሠራ ፓምፕ ከሆነ ግን በ50 ኸርዝ ግፊቱ ይዛባል።

ግቢ ስትሠሪ ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ኬብል እንዳታንጠለጥዪ። ከምድር ቤት ጎረቤት ሶኬት ለምኚ። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ካለሽ እስከ መጨረሻው ዘርግተሽ ተጠቀሚ፣ እንደተጠቀለለ ይግላል። ትራንስፎርመሩና ሶኬቱ ከምትረጪበት ራቅ ብለው፣ ከእርጥብ መሬት ከፍ ብለው ይቀመጡ። ማሽኑን እየረጨሽ ሳለ መንቀልና መሰካት የለም፣ እሱም ብልጭታ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የቤት ቀለም ሥራ ላይ ነኝ። እህቴ፣ መጀመሪያ ማሽኑ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አረጋግጪ። እዚህ የሚሸጡት በእጅ የሚያዙ ማሽኖች ሁሉ አየር የሚነፉ አይደሉም። ኤርለስ የሚባሉም አሉ፣ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። አየር የሚነፋው ቀለም ሳትጨምሪበት ስታበሪው ከአፍንጫው አየር ይወጣል። ኤርለሱ አየር የለውም፤ ፓምፑ ራሱ ቀለሙን በኃይል በጠባብ ቀዳዳ ይገፋዋል። ሳጥኑ ላይ ስሙ ይጻፋል።

ኤርለስ ከሆነ አደጋው ሌላ ነው። የትልልቆቹ ግፊት እስከ 3000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይደርሳል፤ የመኪና ጎማ 30 ገደማ ነው። ያ ግፊት ቀለሙን በቆዳ ውስጥ ያስገባዋል። ከላይ የምትታየው እንደ መርፌ ውጊያ ያለች ትንሽ ነጥብ ናት። መጀመሪያ ላይ ብዙም ላታም ትችላለች። ውስጥ ግን ቀለሙ በጣት ጅማት ሥር ይሄዳል፣ ሥጋውን ይገድለዋል። ፕላስተር ለጥፎ የሚያድር ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ከሆነ በዚያው ሰዓት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ነው የሚኬደው። «ተቆረጥኩ» አይባልም፣ «በግፊት ማሽን ቀለም ገባብኝ» ነው የሚባለው። የቀለሙን ቆርቆሮም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ ምን እንደገባ ማወቅ አለበት።

አፍንጫው ሲደፈን በጣት መነካካት፣ የሚያፈስ ቦታ በእጅ መያዝ ፈጽሞ አይሆንም። መጀመሪያ አጥፊ፣ የግፊት መልቀቂያውን ክፈቺ፣ ቀለሙን ወደ ባልዲ አስወጪ፣ ማስፈንጠሪያውን ቆልፊ፣ ከሶኬት ንቀዪ። ከዚያ ነው አፍንጫው የሚነካው። ቀለሙን ቀድመሽ በስቶኪንግ አጥልዪው፣ መደፈኑ በጣም ይቀንስልሻል።

ሰላም ከጀሞ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳጥኑን አየሁት፣ አየር የሚነፋው ነው። ደብተሩ ላይ 21 ዲግሪ ይላል። ቲነሩን ለሻጩ እመልሰዋለሁ። ልጄን እናቴ ጋ እወስደዋለሁ።

ጋሽ ቀለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በእኛ ሰፈር መብራት በየጊዜው ይጠፋል። እየረጨሁ መሀል ላይ ቢሄድብኝ ምን ላድርግ? ከሥራ በኋላስ በምን ላጥበው?

ጋሽ ቀለም

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ፣ ይሄ በውጭ አገር ደብተር ላይ ብዙም አይጻፍም።

መብራት እንደሄደ ማሽኑን ከማብሪያው አጥፊና ከሶኬት ንቀዪው። ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ማሽኑን እንደበራ ያስቀምጠዋል። መብራቱ ሲመለስ ማንም ሳይነካው ሊነሳ ይችላል፣ አጠገቡ ሕፃን ቢኖርስ? ሲመለስም ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ስለሚል ትንሽ ጠብቀሽ ሰኪ። መብራቱ የሚቆይ ከመሰለሽ ቀለሙ ውስጡ ሳይደርቅ ገልብጠሽ እጠቢው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሻማ ነው። መብራት ሲጠፋ ሰው ሳያስበው ክብሪት ይጭራል። መስኮቶቹን በብሩሽ በቀባሽበት ቀንም ቢሆን ቤቱ በተን ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። የቤት ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይወቅ። የእጅ ባትሪ በኪስሽ ያዢ። ከመምሸቱ በፊት ሥራውን ብትጨርሺ ደግሞ የተሻለ ነው። ጄኔሬተር የሚያከራይሽ ቢኖር ከሕንፃው ውጭ፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለው።

እጥበቱ ቀለሙ በሚቀጥንበት ነገር ነው። ለውሃ ቀለም ውሃ፣ ለዘይት ቀለም አኳራጅ፣ ደጅ ላይ። አኳራጁን በማሽኑ እየረጨሽ እንዳታጥቢ። ማሽኑን ንቀዪ፣ ፈታተሽ በብሩሽ እጠቢ፣ የሞተሩን ክፍል ግን ፈሳሽ አታስነኪ። የቆሸሸውን አኳራጅ ሽንት ቤትም ሲንክም አትድፊው። የኮንዶሚኒየም ቱቦ የሁሉም ቤት ነው፣ ተኑ በታችኛው ጎረቤት መታጠቢያ ይወጣል። ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጪው፤ ቀለሙ ሥር ሲዘቅጥ ከላይ የጠራውን ለሚቀጥለው እጥበት ትጠቀሚበታለሽ።

የዘይት ቀለም የነካ ጨርቅ ጠቅልለሽ ጥግ ላይ አትጣዪ። እየደረቀ ሲሄድ በራሱ ይግላል፣ ተከምሮ ከሆነ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ደጅ አንድ በአንድ ዘርግተሽ አድርቂው። ዝናብ ከሆነ ደግሞ ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ነክረሽ ክደኚው። በሩን ስትጀምሪ መጀመሪያ ካርቶን ላይ ሞክሪ፣ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርቀሽ። የመጀመሪያው እጅ ስስ ይሁን፤ ፎቶ ላኪልኝ፣ ከወረደብሽ አይቼ እነግርሻለሁ።