የ80 ቀን ክርስትና ጾም ላይ ሲውል ከገና በኋላ ማድረግ ይቻላል?

የሽምብጥ እናት (ጠያቂ)
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሴት ልጃችን መስከረም 18 ተወለደች። 80 ቀኗን ታኅሣሥ 8 ብለን ቆጥረናል፤ የሥራ ቀን ነው፣ በዚያ ላይ ጾመ ነቢያት። ዘመዶች «ድግሱ የፍስክ ይሁን፣ ከገና በኋላ ጣና ዳር ካሉት የዘጌ ገዳማት ወስደን እናስጠምቃት» ይላሉ። ቀኑ ቢያልፍ በጥምቀት የምታገኘው የእግዚአብሔር ልጅነት ይቀርባታል ወይ? ምንስ እናዘጋጅ?

ዲያቆን ዘጣና
እኅቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ቆጠራው ታኅሣሥ 7 ነው። የተወለደችበት ቀን ራሱ ይቆጠራል፦ የመስከረም ቀሪ 13 ቀናት፣ የጥቅምትና የኅዳር 60፣ የታኅሣሥ 7 ቀናት፣ ድምሩ 80። እናንተ ከማግስቱ ጀምራችኋል። (ነሐሴ ላይ ለተወለደ ደግሞ ጳጉሜንን መርሳት 5 ቀን ያሳስታል፤ በዘመነ ሉቃስ 6።)

ጾም ክርስትና አይከለክልም፤ የማይነሣው በሰሙነ ሕማማት ነው። ድግሱ የሥርዓቱ አካል ስላልሆነ ሽሮና ምስር ይበቃል። ለሥጋ ብላችሁ ልጅቷን ከጸጋው አታቆዩብኝ።

ቀኑ በሕመም ወይም በችግር ቢያልፍ ግን ልጅነት አይቀርባትም፣ በሌላ ቀን ትጠመቃለች። እኛ ባንታመን እንኳ እርሱ የታመነ ነው (2ኛ ጢሞ 2፥13)፤ ልጅ የሚያደርገን የእርሱ ቃል እንጂ የእኛ ቀን አቆጣጠር አይደለም። በታማኝነቱ ተማምኖ ሆን ብሎ ማዘግየት ግን ሌላ ነገር ነው። ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን የተያዘው አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ከሚለው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ነው፤ ያጡትን ልጅነት በጥምቀት ስለምንቀበል። ሕፃኗ ብትታመም ቀኑን አትጠብቁ፣ ካህን ጥሩ።

ወለተ ኪዳን
የክርስትና እናት አስቀድመሽ ያዢ። ሴት ትሁን፣ የተጠመቀችና የንስሐ አባት ያላት። ወደ ምዕራብ ዞራ ስለ ልጅሽ ሰይጣንን የምትክደው፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ የምታምነው እርሷ ናት፤ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሏ ትወቅ። ብዙዎች ወዳጅነትን ብቻ አይተው ይመርጡና እዚያ ላይ ይደናገራሉ።

የሚያዘው አዲስ ነጭ ነጠላ፣ ፎጣ፣ ጧፍ፣ የማተብ ክር ነው። ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ከገባች በኋላ ሰውነቷ 36 ቦታ ላይ ሜሮን (ቅዱስ ቅባት) ትቀባለች፣ ስለዚህ ያን ቀን ገላዋ አይታጠብ። አያቶችን ቀድመሽ አስጠንቅቂ፤ ማታ ገንዳ የሚያቀርቡት እነርሱ ናቸው።

የሽምብጥ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጡትስ? ዘጌውስ?

ወለተ ኪዳን
ያን ዕለት ሥጋ ወደሙ ስለምትቀበል ሳትጠባ ነው የምትሄደው። በጾም የሥራ ቀን ቅዳሴ እስከ ቀትር ስለሚዘገይ ይከብዳል፤ የቅዳሴውን ሰዓትና ማታ መጨረሻ የምታጠቢበትን ከካህኑ ጋር ተነጋገሪ። ከቆረበች በኋላም ወዲያው አታጥቢያት፣ ልታስመልስ ትችላለች። አንቺም በዚያው ቀን ለመቁረብ ከፈለግሽ ቀድመሽ ንስሐ ግቢ።

ዲያቆን ዘጣና
ዘጌን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ቅዳሴው ከቀትር ካለፈ የጀልባ መመለሻችሁ ጣና በነፋስ የሚናወጥበት ሰዓት ላይ ይሆናል፤ ለአራስ ልጅ አይሆንም። የደሴቱን ገዳም ክብራን ገብርኤልን የሚል ዘመድ ካለም ሴት አይገባበትም። አጥቢያችሁ ይሻላል፣ የምስክር ወረቀቱም እዚያው ይገኛል። ታኅሣሥ 7 ሥላሴ ስለሆነ ወለተ ሥላሴ ሊሏት ይችላሉ። የወጣላትን ስም በዚያው ቀን ጻፉት፤ ስትቆርብም፣ ስታገባም ትጠየቃለች።