የጭፈራ አዳራሹ አፓርታማ ይሁን ወይስ ይቆይ?

ጥያቄውን ያነሣው፦
በፍሎሪዳ ግዛት፣ ከኦርላንዶ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኘው ዘ ቪሌጅስ የአሜሪካ ትልቁ የጡረተኞች መንደር ነው፤ በ2020 ቆጠራ 79,077 ነዋሪዎች ተመዝግበውበታል። በመንደሩ የመጀመሪያ አደባባይ፣ በስፓኒሽ ስፕሪንግስ፣ ኬቲ ቤልስ የሚባል የሙዚቃና የጭፈራ አዳራሽ ነበረ። በኮቪድ ወረርሽኝ ዓመት ተዘጋ። ባለቤቱ ኩባንያ ሕንፃውን ወደ አፓርታማ የመለወጥ ሐሳብ ሲያመጣ ነዋሪው ተቆጣ። እኔ ከተቆጡት ጋር ነኝ። ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን አውጥቶ እዚያ ቤት የገዛው ማታ በጎልፍ ጋሪ ሄዶ ከወዳጆቹ ጋር ሊጨፍር ነው። ያ ከተወሰደበት ግማሹን ተወስዶበታል።

መሐንዲሱ፦
ወንድሜ፣ ቅሬታው ይገባኛል፤ የባለቤትነቱን ጉዳይ ግን ዘለልኸው። ነዋሪው በየወሩ የሚከፍለው የአገልግሎት ክፍያ ለመዋኛ ገንዳዎች፣ ለመዝናኛ ማዕከላትና ለትንንሾቹ የጎልፍ ሜዳዎች ይውላል። ኬቲ ቤልስ ንግድ ቤት ነበር። ለንግድ ቤት ዘላለም ክፍት ሁን የሚል ውል የለም። በአውሎ ነፋስ ምድር የሕንፃ ኢንሹራንስ ምን ያህል እንደሚከብድ ደግሞ ፍሎሪዳ የኖረ ያውቀዋል። አደባባዩ ላይ ማታ ማታ ነጻ ሙዚቃ ይቀርባል፤ መጨፈር የሚፈልግ እዚያ ይጨፍር።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እዚህ ላይ አልስማማም። በሌላ የፍሎሪዳ ከተማ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። የሐምሌ ሙቀት ገና ሳይበርድ፣ ዝናቡም መብረቁም ድንገት በሚወርድበት ሰዓት፣ ዳሌዋ በቀዶ ሕክምና የተቀየረላት የሰማንያ ዓመት ሴት ሜዳ ላይ ጨፍሪ አትባልም። ወንበር፣ ጣሪያ፣ ቀዝቃዛ አየር፣ ቅርብ መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋታል። በ2003 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከ75 ዓመት በላይ የሆናቸው 469 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከተመዘገቡት የሰውነት እንቅስቃሴዎች ውስጥ ለመርሳት በሽታ ከመጋለጥ መቀነስ ጋር የተያያዘው ጭፈራ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዜማ መከተል፣ እርምጃ ማስታወስ፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው።

መሐንዲሱ፦
ጥናቱን አውቀዋለሁ። ግንኙነትን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ አእምሮው መድከም የጀመረ ሰው ቀድሞውኑ ጭፈራ ይተዋል።

ነርሷ፦
እውነትዎን ነው፤ እኔም ጭፈራ መድኃኒት ነው አላልኩም። ባለቤታቸው ከሞተች በኋላ ሰባት ወር ከክፍላቸው ያልወጡ አንድ አባት አሉኝ። ያስወጣቸው የሐሙስ የጭፈራ ሰዓት ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ተቀምጠው ብቻ አዩ። በ2023 የአሜሪካ ዋና ሐኪም ቪቬክ መርቲ ብቸኝነትን የሕዝብ ጤና አደጋ ብለው ያስጠነቀቁት እንዲህ ያሉትን ሰዎች አስበው ነው። እኔ የምሟገተው ለእኒህ አባት መቀመጫ ወንበር ነው።

የከተማ ፕላን ባለሙያዋ፦
ሁለታችሁም ያላነሣችሁት ነገር አለ። መንደሩ ወደ ደቡብ እየሰፋ ነው፤ ሌክ ሰምተር ላንዲንግና ብራውንውድ የሚባሉት አደባባዮች የተሠሩት ከስፓኒሽ ስፕሪንግስ በኋላ ነው። አዲስ ገቢው እዚያ ይዝናናል። በሰሜን በኩል የቀሩት ቀድመው የገቡት ናቸው፤ ብዙዎቹ በማታ መንዳት አቁመዋል። ለእነርሱ የሠፈራቸው አዳራሽ ምትክ የለውም። ሌላው ደግሞ አፓርታማው ራሱ ነው። ከአደባባይ አጠገብ የሚተኛ ሰው ዛሬ ሙዚቃውን ወዶ ይከራያል፤ በዓመቱ ድምፁን ቀንሱልኝ ብሎ አቤቱታ ያስገባል። አዳራሹን የነካ ውሳኔ ውሎ አድሮ የአደባባዩን ሙዚቃም ይነካል።

መሐንዲሱ፦
ይህንን አላሰብሁትም ነበር። እሺ፣ ማን ይክፈል?

የከተማ ፕላን ባለሙያዋ፦
እዚያው ያሉት የማኅበረሰብ ልማት ወረዳዎች፣ ማለትም የመንደሩን የጋራ አገልግሎት የሚመሩት የአካባቢ አስተዳደር አካላት፣ ከአልሚው ኩባንያ ላይ የመዝናኛ ማዕከላትን ገዝተው ያስተዳድራሉ። አዳራሹንም በተመሳሳይ መንገድ መጠየቅ ይቻላል። በእርግጥ ወርኃዊው ክፍያ ይጨምራል፤ በቋሚ ጡረታ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጭማሪ ቀላል አይደለም። የማይጨፍረውም ይከፍላልና።

ጥያቄውን ያነሣው፦
የማይዋኘውም ለገንዳው ይከፍላል። እኔ ብሆን ጭማሪውን ፈርሜ እቀበል ነበር፤ ነገር ግን በሰው ጡረታ ላይ መወሰን የእኔ አይደለም። ነዋሪዎቹ የጭማሪውን ልክ በቁጥር ተነግሯቸው ድምፅ ይስጡበት፤ እስከዚያው ግን ግድግዳው አይነካ።

መሐንዲሱ፦
ቁጥሩ አስቀድሞ ከተነገራቸው፣ እኔም ከአንተ ጋር ነኝ።