ፊቴ ተቃጠለ፣ ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣል፣ ምን ልቀባ???

የማሂ እናት (ደብረ ብርሃን)፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከሰኞ ጀምሮ ጉንጬና ግንባሬ ቀልቶ አብጧል፣ ይላጣል፣ ውሃ ሲነካው እንደ ሚጥሚጣ ይለበልበኛል፣ ትላንት ማታ ደሞ አገጬ ላይ ብጉር ወጣብኝ፣ በ47 ዓመቴ ብጉር! ብርዱ ነው መሰለኝ፣ የዘንድሮን ውርጭ የደብረ ብርሃን ሰው ታውቁታላችሁ። ዕድሜውም አለ ያው፣ የወር አበባዬ አንዴ ይመጣል ሁለት ሦስት ወር ይጠፋል፣ ሌሊት ላብ በላብ ሆኜ ነው የምነሳው፣ ቆዳዬም ከዛ ወዲህ የድሮው አይደለም። አሁን ቅዳሜ ለልጄ ሽማግሌ ሊልኩ ነው፣ እንዴት አድርጌ ነው በዚህ ፊት እንግዳ የምቀበለው? እስከ ቅዳሜ የሚያጠፋልኝ ምንድነው፣ ሎሚ ነው ማር ነው እርድ ነው? የምታውቁ ንገሩኝ በናታችሁ

ቫዝሊን ብቻ፦
ቫዝሊን። ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፣ ሳይደርቅ ቫዝሊን። አለቀ።

የጣርማበር ንፋስ፦
እትዬ ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት ልጅቷን ነው እኮ ወይስ እርሶንም የሚጠይቅ አለ ሃሃሃ

እማማ ጓሳ፦
አንተ ልጅ እናትህ ብትሆን እንዲህ ትቀልዳለህ? ስሚኝ ልጄ እኔ 60 አልፌያለሁ፣ መንዝ ውስጥ ነው ያረጀሁት፣ ብርድ ከተባለ የኛን ብርድ የሚያክል የለም፣ በርኖስ ደርበን ነው ያደግነው። ፊታችን ጠቆረ፣ ተሸበሸበ፣ ከንፈራችን ተሰነጠቀ፣ ግን እንዲህ ተላጦ ያበጠ ሰው አላየሁም። የዘንድሮ ሴት ደሞ ሽበት መጣ ብላ ቀለም፣ ሽብሽብ መጣ ብላ ክሬም፣ ልጅሽን ልትድሪ ነው ያማረብሽ እናት ሁኚ በቃ፣ ማን ነው የ20 ዓመት ልጅ ሁኚ ያለሽ። ሎሚ እንዳትነኪ ብቻ። የተላጠ ላይ ሎሚ የሚያስቀባሽ ጠላትሽ ነው።

ሲስተር ነኝ (ሸዋ ሮቢት)፦
የእማማን ነገር ልድገመው፣ ብርድ ያደርቃል ይሰነጥቃል እንጂ ጉንጭና ግንባር መርጦ አያሳብጥም። እህቴ ከሰኞ በፊት ምን ትቀቢ ነበር? ሳሙና የቀየርሽው አለ? ክሬም? የጀመርሽው ወይም ያቆምሽው መድኃኒት?

የማሂ እናት፦
ምንም የቀየርኩት የለም። ለማዲያቴ የምቀባት ክሬም ነበረች እሷም አልቃብኝ ካቆምኩ ሳምንት አልፎኛል፣ ስለዚህ ከሷ አይደለም። እንደውም እሷ እያለች ፊቴ ጥርት ብሎ ሰው ሁሉ ልጅ ሆንሽ እያለኝ ነበር፣ በሷ እንዳትመጡብኝ

ሲስተር ነኝ (ሸዋ ሮቢት)፦
ስሟ ማን ይባላል? ስንት ጊዜ ተቀባሽ?

የማሂ እናት፦
ስም የላትም። ነጭ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ናት፣ ሴትየዋ ራሷ ቀላቅላ ነው የምትሸጠው። ከፋሲካ በኋላ ነው የጀመርኩት

ብርቱካን ዘ አረርቲ፦
ሚክስ!!! አወቅኩት። ወይ ጉድ

ፊዚክስ 11ኛ፦
መምህር ስለሆንኩ ይቅርታ አድርጉልኝ ትንሽ ላብራራ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ጨረሩን የሚያጣራው አየር ይሳሳል። ሲስተር ያለችበት ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ ስለሆነ እዛ ሰው በሙቀት ያልባል፣ የሚያቃጥለው ጨረር ግን እኛ ጋ ይበልጣል። ሙቀትና ጨረር አንድ አይደሉም፣ የኛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በረደኝ ብሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ጠዋት ግድግዳ ተደግፎ ይሞቃል፣ ቆዳው እየበሰለ አያውቀውም። ደመናም ቢሆን ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ስለዚህ የማዲያት ዋናው ጉዳይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ያለው ፀሐይ ነው፣ ሰንስክሪን (ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት) ተቀቡ፣ ኤስፒኤፍ የሚለው የመከላከል አቅሙ ቁጥር 30 እና ከዛ በላይ የሆነውን

የጣርማበር ንፋስ፦
ቲቸር ፈተና ላይ ይመጣል ይሄ?

ሰላሌ በር፦
ሰንስክሪን የፈረንጅ ነው። እኛ ጥቁር ነን ፈጣሪ የሰጠን አለ። እኔ አንዴ ተቀብቼ ጥምቀት ላይ ዱቄት የተነፋብኝ መስዬ ነው የዋልኩት

ብርቱካን ዘ አረርቲ፦
ወንድሜ ጥቁርነት ቶሎ እንዳንቃጠል ያግዘናል እንጂ ማዲያት አይከለክልም፣ ማዲያት እንደውም በኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ነው የሚበዛው፣ ቀለም የሚሠራው ክፍል በጨረር ሲነካካ ከሚገባው በላይ ይሠራል። ነጭ እንዳይሆንብህ ቀለም ያለው አለ፣ ቡኒ። ለማዲያት የሚመረጠውም እሱ ነው፣ ውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ የሚታየውንም ብርሃን ይከላከላል። የማይችል ሰው ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ። ነጠላ ተከናንቤያለሁ የምትሉ ደሞ ነጠላውን ወደ ፀሐይ አንሱትና በውስጡ እዩ፣ ማዶ ካሳያችሁ ጨረሩም ያልፋል ማለት ነው፣ አጥፋችሁ ተከናነቡት።

ቫዝሊን ብቻ፦
ሁሉም አለፈ። ቫዝሊን አልሞከረችም ገና።

ትዕግስት ይኑርሽ፦
የኔ እናት ይሄ ሁሉ ሰው ያስፈራራሻል። እኔም ሆኖብኝ ነበር፣ ከዛው ሚክስ ሌላ ዕቃ ገዝቼ ስቀባው በሁለት ቀን ፀጥ አለ። ሂጂና ሌላ ግዢ ቅዳሜን ታልፊያለሽ

ሲስተር ነኝ (ሸዋ ሮቢት)፦
ይቅርታ እህት እዚህ ጋ ዝም አልልም። ፀጥ የሚለው በምን እንደሆነ ልንገርሽ። እነዚህ ስም የለሽ ቅልቅሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ስቴሮይድ ነው፣ ቤታሜታዞን ክሎቤታሶል የሚባሉት፣ ለጭርትና ለችፌ ሰው ከፋርማሲ እየገዛ ያለ ትዕዛዝ የሚቀባቸው ዓይነቶች፣ ጭርትን ደሞ ጭራሽ ያባብሱታል። ላዩ ላይ ሃይድሮኪኖን የሚባል ማንጫ ይጨመራል፣ አንዳንዱ ላይ ሜርኩሪም ይገኛል፣ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ስቴሮይዱ የቆዳውን ደም ስር ያጠብበዋል፣ ቁጣውን ዝም ያሰኘዋል፣ ለዛ ነው መጀመሪያ ፊት ጥርት የሚለው። ወራት ሲቆይ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ጉንጭ ላይ ቀጫጭን ቀይ ክር የሚመስሉ ደም ስሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል። ስታቆሚው ደሞ ታፍኖ የነበረው ባንዴ ይፈነዳል፣ ይቀላል ያብጣል ይለበልባል። የማሂ እናት ይሄ የምትይው ስታቆሚ የመጣው ነው የሚመስለኝ፣ "ካቆምኩ ሳምንቴ ነው ስለዚህ ከሷ አይደለም" ያልሽው ተገላብጦ እንዪው። መልሰሽ ብትቀቢ እውነትም ይበርዳል፣ ግን በሚቀጥለው ስታቆሚ ይብሳል፣ ስንቱን ሰው እንዲህ ዓመት ሙሉ አስራ ይዛዋለች።
ሐኪም አይደለሁም፣ ፊትሽንም አላየሁም። የቆዳ ሐኪም ማየት አለበት። አንዳንዴ ቀለል ያለውን ሰጥቶ ቀስ በቀስ ነው የሚያስቆመው፣ ያን ግን አንቺም ሴትየዋም አትወስኑትም።

የማሂ እናት፦
እሺ ግን ሴትየዋ ከተፈጥሮ ቅጠል ነው ያለችኝ

የጣርማበር ንፋስ፦
ቅጠሉ ፋርማሲ ጀርባ ነው የበቀለው

ውበት በልክ ኮስሞቲክስ፦
ሰላም ውዶቼ የኛ ሚክስ ኦርጅናል ነው ምንም ሳይድ ኢፌክት የለውም፣ ማዲያት በ7 ቀን ድራሹ ይጠፋል፣ ያለንበት ድረስ እናደርሳለን ኢንቦክስ

እማማ ጓሳ፦
ውጪ ከዚህ! የሰው ቤት ሲቃጠል ክብሪት ትሸጫለሽ እንዴ

ብርቱካን ዘ አረርቲ፦
እማማ ይኑሩልን። በ7 ቀን ማዲያት አጠፋለሁ የሚል ሰው ሲመጣ ሩጡ ነው የምለው፣ በትክክለኛው መድኃኒትም ወራት ይፈልጋል፣ ፀሐይ ካልተጠበቀ ደሞ ይመለሳል።
ሌላ የረሳችሁት ነገር አለ፣ ሁሉም ክሬም ክሬም ይላል፣ ጠያቂዋ እኮ ስለ ዕድሜዋም ነግራናለች። ማረጥ ሲቃረብ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይወርዳል፣ ቆዳ ውስጥ ያለው ወዝና ኮላጅን (ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ፕሮቲን) አብሮ ይወርዳል፣ ካረጡ በኋላ ባሉት መጀመሪያ 5 ዓመታት ኮላጅኑ እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል ይላሉ የቆዳ ሐኪሞች። ለዛ ነው ድሮ ምንም የማያደርገን ሳሙና አሁን የሚያሳክከን። እኔ 49 ነኝ፣ አገጬ ላይ ፀጉር በቅሎ ራሴ ላይ ያለው ሳስቷል፣ ቦታ የተቀያየሩ ነው የሚመስለው። ግን ሁሉንም በዕድሜ አታሳብቡት። እኔ ድካም፣ ድርቀት፣ የፀጉር መሳሳት ሁሉ ማረጥ ነው ብዬ ተቀምጬ ደም ስመረመር የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ችግር ተገኘብኝ፣ እንክብል ጀምሬ ቆዳዬም ፀጉሬም ተመለሰ። ደም ማነስም እንዲሁ ያደርጋል። አንዴ ተመርመሩ። ሹሩባውንም አታጥብቁት፣ ግንባር ዳር ያለውን ፀጉር ይነቅላል።

ሰላሌ በር፦
ሚስቴ ሌሊት መስኮት ክፈት ትለኛለች በዚህ ውርጭ፣ እኔ በሁለት ብርድ ልብስ እንቀጠቀጣለሁ። ይሄ ነው እንዴ በሽታው?

ብርቱካን ዘ አረርቲ፦
በሽታ አይደለም ማረጥ ነው። መስኮቱን ክፈትላትና ሦስተኛ ብርድ ልብስ ግዛ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ እንደሆነ ደብረ ብርሃን ነው

የማሂ እናት፦
ኧረ ቅዳሜን ንገሩኝ!! ዛሬ ረቡዕ ነው። ፋውንዴሽን ልቀባበት? ድግሱም አለ፣ እንጀራ ገና አልጋገርኩም

ሲስተር ነኝ (ሸዋ ሮቢት)፦
ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ከቅዳሜ በፊት። እስከዛ ፊትሽን ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ብቻ፣ ሳሙና ተዪ፣ ፎጣ እያሻሸሽ ሳይሆን እየነካካሽ አድርቂ። ሲለበልብሽ ንጹሕ ጨርቅ ውሃ ነክረሽ ጨምቀሽ አሥር ደቂቃ ጣል አድርጊበት፣ በረዶ አታስነኪው። ከዛ ስስ ቫዝሊን፣ ሽቶ የሌለበት። (አዎ ቫዝሊን፣ ሰውየው አሸነፈ።) ብጉሩ ከበዛ ግን ብጉሩ ላይ አትለጥፊው። ሎሚ፣ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ምንም። የሚላጠውን በጥፍር አትሳቢ። ፋውንዴሽን በተላጠ ቆዳ ላይ አይሆንም፣ በዛ ላይ ተሰነጣጥቆ የባሰ ነው የሚያሳይሽ።
ምጣዱን ለሌላ ሰው ስጪ። የምሬን ነው፣ የእሳት ወላፈን ለዚህም ለማዲያቱም ጠላት ነው።
ዓይንሽ ካበጠ፣ ውሃ ወይ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ካለሽ ግን ነገ አትበይ፣ ዛሬ ማታውኑ።

እማማ ጓሳ፦
ምጣዱን ጎረቤት ያዥው፣ ጎረቤት ለምንድነው። አንቺ ነጠላሽን ዝቅ አድርገሽ ጥሩ ቀሚስ ለብሰሽ ተቀመጪ፣ የልጅ እናት አንገት ብትደፋ ጨዋ ነው የሚሏት።

ፊዚክስ 11ኛ፦
እኔም አንድ ነገር ልጨምር፣ ፊት ላይ የጠቆረ ወይም የቀላ ሁሉ ማዲያት ወይም ክሬም አይደለም። አፍንጫና ጉንጭ ላይ ቢራቢሮ ቅርጽ የያዘ መቅላት ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ከመጣ ሉፐስ የሚባል በሽታ አለ። ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ያለ ምልክት ደሞ ለሥጋ ደዌ ይመረመራል፣ ሕክምናው በነፃ ነው፣ በጊዜ ከተያዘ ይድናል። ከዚህ ካልተቻለ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለ፣ ከኛ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሌሊት ከተነሱ ጠዋት ይደረሳል።

ሲስተር ነኝ (ሸዋ ሮቢት)፦
ቲቸር የዛሬው ጥሩ ነው፣ አጭርም ነው

ብርቱካን ዘ አረርቲ፦
የማሂ እናት እንዴት ሆነ? ሰኞ ሆነ እኮ፣ ሽማግሌዎቹ እሺ ተባሉ?

የጣርማበር ንፋስ፦
ጠላው አልቆ ነው ዝም ያሉት

ሳምራዊት ደነባ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አሁን ነው ያነበብኩት። እኔም ያቺኑ ባለ ነጭ ክዳን ነው የምቀባው፣ ስድስት ወር አልፎኛል፣ 44 ዓመቴ ነው። ፊቴ አሁን ምንም አልሆነም ግን ጉንጬ ላይ ሲስተር ያለችው ቀይ ክር አለ፣ በመስታወት ጠጋ ብዬ ሳየው ነው ያስተዋልኩት። ግማሽ ዕቃ ቀርቶኛል፣ ዛሬውኑ ልጣላት?

ሲስተር ነኝ (ሸዋ ሮቢት)፦
ዕቃዋን አትጣያት፣ ሐኪሙ ጋ ይዘሻት ሂጂ፣ ምን ስትቀቢ እንደነበር የሚያውቀው በሷ ነው። ስድስት ወር የተቀባሽውን በገዛ እጅሽ ባንዴ ቆርጠሽ የማሂ እናት የገባችበት እንዳትገቢ፣ አቀናንሶ የሚያስቆምሽ እሱ ነው፣ ስለዚህ ቀጠሮውን አታርዝሚው፣ በዚህ ሳምንት ሂጂ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ጡት የምታጠቢው ሕፃን ካለ መጀመሪያ እሱን ንገሪው። ሌላ ዕቃ ግን እንዳትገዢ።

ሳምራዊት ደነባ፦
እሺ። ሴትየዋ ግን ዘመዴ ናት፣ ምን ልበላት?